አይጧን ያዳነ መድኃኒት ሰውን ለምን አላዳነም? ስለ ስትሮክና «አንጎልን ስለሚጠብቁ» መድኃኒቶች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ ጥያቄዎች ከሁለት ወገን ይመጣሉ። አንዱ ሐረር ወይም ድሬዳዋ የሚማር የጤና ተማሪ ነው፤ እጁ ላይ የጥናት ወረቀት አለ። ሌላው ስትሮክ (የአንጎል ደም ሥር መዘጋት ወይም መፍሰስ) የመታው ሰው ቤተሰብ ነው፤ እጁ ላይ የመድኃኒት ማዘዣ አለ። የሚጠይቁት ግን አንድ ነገር ነው፦ «ይህ መድኃኒት አንጎልን ያድናል ወይ?» በዚህ ገጽ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«አንጎልን የሚጠብቅ» መድኃኒት የረጋ ደም ከሚያሟሟው በምን ይለያል?

የሚያሟሟው (አልቴፕሌዝ፣ ቴኔክቴፕሌዝ) ሥራው ደም ሥሩ ላይ ነው፤ የተዘጋውን ይከፍታል። አንጎልን ይጠብቃል የሚባለው ግን ደም ሥሩን አይነካም። ደም ያጠረው የነርቭ ሴል መንገዱ እስኪከፈት እንዳይሞት፣ ከተከፈተም በኋላ በሚከተለው ጉዳት እንዳይጠፋ የታሰበ ነው። የመጀመሪያው ዓይነት በሰው ላይ ተፈትኖ ሠርቷል። ሁለተኛው በአይጥ ላይ በመቶ ለሚቆጠር ጊዜ ሠርቷል፤ በሰው ላይ ያለው ታሪክ ከታች አለ።

ደም ሲቋረጥ አንጎል ውስጥ ምን ይሆናል?

አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ገደማ ቢሆንም ከምንጠቀመው ኦክስጅን 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል፤ ለክፉ ቀን ያስቀመጠው ስንቅ ግን የለውም። ጤነኛ አንጎል ለእያንዳንዱ 100 ግራም በደቂቃ 50 ሚሊ ሊትር ገደማ ደም ያገኛል። ወደ 20 ሲወርድ ሴሉ ሥራ ያቆማል፣ ግን በሕይወት አለ። ከ10 በታች ከወረደ በደቂቃዎች ውስጥ ይሞታል። በሁለቱ መካከል ያለው፣ ዝም ያለ ግን ያልሞተ ክፍል «ፔናምብራ» ይባላል። መድኃኒት የሚያተርፈው ነገር ካለ እሱን ነው፤ መሃል ላይ የሞተውን ማንም አይመልሰውም።

ጉልበት ያጣ ሴል ሶዲየም የሚያስወጣበት ፓምፕ ይቆምበታል። ያከማቸውን ግሉታሜት ወደ ውጭ ይለቃል፤ ግሉታሜቱ ደግሞ የጎረቤቱን ሴል በሮች (ኤንኤምዲኤ ተቀባዮችን) ከፍቶ ካልሲየም ያጎርፍበታል። ካልሲየም የበዛበት ሴል ራሱን ይፈጫል። ጆን ኦልኒ በ1969 ይህን ግሉታሜት በማነቃቃት ብዛት ሴል የሚገድልበትን መንገድ ስም አወጡለት። ደም ሥሩ ሲከፈት ደግሞ ኦክስጅን በድንገት ይመለስና ራዲካል የሚባሉ ሴል የሚያበላሹ ሞለኪውሎች ይፈጠራሉ፤ ከዚያ ለቀናት የሚቆይ ብግነት ይከተላል። እያንዳንዱ መድኃኒት ከዚህ ሰንሰለት አንዷን ቀለበት ለመበጠስ የተሠራ ነው። ችግሩም እዚህ ላይ ይጀምራል፤ አንዷ ስትበጠስ ሌሎቹ ሥራቸውን ይቀጥላሉ።

አይጥ ላይ ስትሮክ የሚሠራው እንዴት ነው?

በአማርኛ ሁለቱንም አይጥ ስለምንል፣ እዚህ ትልቋን (250–300 ግራም) ራት፣ ትንሿን (20–30 ግራም) ማውስ እንላለን።

በብዛት የሚሠራበት የክር ዘዴ ነው፤ ኮይዙሚና ባልደረቦቹ በ1986፣ ሎንጋና ባልደረቦቹ በ1989 ያወጡት። የራስ ቅል አይከፈትም። የደነዘዘችው ራት በጀርባዋ ትተኛለች፣ አንገቷ መሃል ለመሃል ይከፈታል፣ በአንድ ወገን ያለው ካሮቲድ ደም ቅዳ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ይገለጣል። አጠገቡ ነጭ ክር የመሰለ ነርቭ አለ፤ ቬገስ ይባላል። እሱን በመቆንጠጫ የነካ ሰው በማግስቱ ትንፋሽ ያጠራት ራት ያገኛል፤ ስለዚህ መጀመሪያ እሱ ቀስ ተብሎ ይለቀቃል። ከዚያ የውጭኛው ቅርንጫፍ ታስሮ ይቆረጥና በጉቶው በኩል የናይሎን ክር ወደ ውስጠኛው ቅርንጫፍ ይላካል።

ክሩ በቀዶ ጥገና ክር ልኬት 4-0 የሚባለው ነው። ጫፉ በሲሊኮን ተለብጦ ወይም በሙቀት ተድቦልቡሎ፣ ውፍረቱ 0.35–0.40 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ከመክፈያው 18–20 ሚሊ ሜትር ሲገባ ጣት ላይ ቀለል ያለ ግፊት ይሰማል፤ እዚያ፣ የአንጎሉን መካከለኛ ደም ቅዳ አፍ ዘግቶ ይቆማል። ለማውስ ክሩ 6-0፣ ርቀቱ 9–10 ሚሊ ሜትር ነው። ለራት ከ60 እስከ 120 ደቂቃ፣ ለማውስ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ተጠብቆ ክሩ ይሳባል፤ ደም ይመለሳል። ጉዳቱ ብዙ ጊዜ የሚለካው ከ24 ሰዓት በኋላ ነው።

ሌላው፣ ታሙራና ባልደረቦቹ በ1981 ያሳዩት መንገድ፣ የራስ ቅሉን በስቶ ያንኑ የአንጎል ደም ቅዳ በቀጥታ ማቃጠል ነው። ውጤቱ ከራት ራት ብዙ አይለያይም፣ ነገር ግን ደሙ ተመልሶ አይመጣም።

የክሩ ዘዴ የሚበላሸው የት ላይ ነው?

ክሩ ከመጠን በላይ ከተገፋ ደም ሥሩን ይበሳል፤ ራቷ ደም ፈሷት ትሞታለች፣ አንጎሏ ሲወጣ ከሥሩ የረጋ ደም ይታያል። ከቀጠነ ወይም ባጭር ከቆመ ደም በጎኑ ያልፋል። ገና ጥቂት ሚሊ ሜትር ገብቶ መቋቋም ካጋጠመው ወደ አንጎል ሳይሆን ቴሪጎፓላታይን ወደሚባለው ወደ ላንቃ የሚሄድ ቅርንጫፍ ገብቷል ማለት ነው፤ ወደኋላ ስቦ አቅጣጫ መቀየር ነው።

ለዚህ ነው የራስ ቅሉ ላይ የደም ፍሰት የሚለካ መሣሪያ፣ ሌዘር ዶፕለር፣ የሚለጠፈው። ክሩ ሲገባ ፍሰቱ ከመነሻው ቢያንስ 70 በመቶ መውረድ አለበት። ያልወረደባት ራት ስትሮክ አልያዛትም። ዶፕለር በሌለበት ቤተ ሙከራ ግን በማግስቱ አንጎሏ ጤነኛ ሆኖ ይገኛል፤ መድኃኒት ከወሰዱት ወገን ከሆነች «ዳነች» ተብላ ትቆጠራለች። ማንም ሳይዋሽ የውሸት ውጤት የሚወጣው እንዲህ ነው።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ ደግሞ የውጭኛው ደም ቅዳ ስለታሰረ የማኘክ ጡንቻዋ ይደክማል። ደረቅ ምግብ ብቻ ከተሰጣት ትከሳለች፣ የእንቅስቃሴ ፈተናውንም በረሃብ ትወድቃለች። የራሰ ለስላሳ ምግብ በሰሐን መሬት ላይ ይቀመጥላት፤ ከቆዳ ሥር ሳላይን ይሰጣት። የትኛዋ ራት ከጥናቱ እንደምትወጣ (ደም የፈሰሳት፣ ፍሰቷ ያልወረደ) ሥራው ከመጀመሩ በፊት ይጻፍ። ውጤቱ ከታየ በኋላ የሚወጣ መመዘኛ መመዘኛ አይደለም።

የክፍሉ ሙቀት ያን ያህል ለውጥ ያመጣል?

ከመድኃኒቱ በላይ ሊያመጣ ይችላል። የአንጎል ሙቀት ሁለት ሦስት ዲግሪ ሲወርድ ጉዳቱ በግልጽ ይቀንሳል፤ ሲጨምር ይሰፋል። ኤምኬ-801 የሚባለው የኤንኤምዲኤ ዘጊ መድኃኒት የዚህ ትምህርት ነው። ጀርቢል በምትባለው ትንሽ እንስሳ አንጎል አዳነ ተብሎ ብዙ ተወርቶለት ነበር። ቡካንና ፑልሲኔሊ በ1990 እንዳሳዩት ግን መድኃኒቱ ጀርቢሎቹን አቀዝቅዟቸው ነበር፤ ሙቀታቸው ተጠብቆ ሲደገም ያ ማዳን አልታየም።

አሁን ወደ እኛ አካባቢ እንምጣ። የእንስሳት ክፍል ከ20 እስከ 26 ዲግሪ እንዲሆን ይመከራል። ድሬ በግንቦትና በሰኔ ቀትር 35 ዲግሪ ገደማ ትደርሳለች፤ ሐረር ደግሞ ከፍታዋ 1,900 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ማታ ማታ ትበርዳለች። ያው አንድ ሙከራ የደንገጎን ዳገት ወጥቶ ሐረር ሲሠራና ቆላ ወርዶ ድሬ ሲሠራ፣ ሙቀት ካልተያዘ ሁለት የተለያየ ውጤት ይሰጣል። ድሬ ላይ ራቷ ከማደንዘዣው ነቅታ ወደ ሞቃት ክፍል ስትመለስ 39 ዲግሪ ልትገባ ትችላለች፤ ክሩ ራሱ የሙቀት መቆጣጠሪያውን የአንጎል ክፍል (ሃይፖታላመስን) ሊጎዳ ስለሚችል ትኩሳቱ ይብሳል። ሐረር ላይ ደግሞ ደንዝዛ ብርድ ጠረጴዛ ላይ የተኛች ራት በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ትቀዘቅዛለች።

መፍትሔው በፊንጢጣ የሚገባ ቴርሞሜትርና በእሱ የሚታዘዝ ማሞቂያ ምንጣፍ ነው፤ 37 ዲግሪ፣ ሲበዛ ግማሽ ዲግሪ ወዲህ ወይም ወዲያ። ቀዶ ጥገናው ሲያልቅ መለካቱ አያልቅም፤ ከነቃች በኋላ ያሉት ሰዓታትም ይመዘገባሉ። ወረቀት ስታነቡ «ሙቀት ተጠብቋል» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ካገኛችሁ፣ እስከ መቼ እንደተጠበቀ ፈልጉ።

ኬታሚን ስላለን በእሱ ብናደነዝዝስ?

ለዚህ ሥራ አይሆንም። ኬታሚን ራሱ የኤንኤምዲኤ ዘጊ ስለሆነ በምትፈትኑት መድኃኒት ላይ ሌላ አንጎል ጠባቂ መድኃኒት ደረባችሁ ማለት ነው። የተለመደው አይሶፍሉሬን ነው፦ ለማስተኛት ከ4–5 በመቶ፣ ለማቆየት 1.5–2 በመቶ። እሱም ቢሆን ትንሽ የመጠበቅ ባሕርይ አለው፤ ስለዚህ ሁሉም ራቶች እኩል ደቂቃ መደንዘዝ አለባቸው።

የሞተው የአንጎል ክፍል እንዴት ይለካል?

በቲቲሲ ቀለም። አንጎሉ ወጥቶ እንዳይፈራርስ ለጥቂት ደቂቃ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቆይና በ2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይቆረጣል (ለማውስ 1 ሚሊ ሜትር)። ቁራጮቹ 2 በመቶ በሆነ የቲቲሲ ፈሳሽ፣ በ37 ዲግሪ፣ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ይነከራሉ፤ መሃል ላይ አንዴ ይገለበጣሉ። ሕያው ሴል በማይቶኮንድሪያው ኢንዛይሞች ቀለም የሌለውን ቲቲሲ ወደ ቀይ ይለውጠዋል። የሞተው ነጭ ሆኖ ይቀራል። ስሕተት የሚሠራው ብዙ ጊዜ በብርሃን ነው፤ ቲቲሲ ብርሃን ስለሚያበላሸው በፎይል ተሸፍኖ ይያዝ። ሌላው ቀኑ ነው። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ወደ ሞተው ቦታ የሚገቡት የብግነት ሴሎች እነሱም ይቀላሉ፤ ድንበሩ ይደበዝዛል።

ነጩን ብቻ ለክቶ መሄድ ግን አይበቃም፤ የተጎዳው ጎን ያብጣል። ለምሳሌ ጤነኛው ጎን 500 ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር፣ የተጎዳው አብጦ 560፣ ከዚያ ውስጥ ነጩ 260 ቢሆን፣ በተጎዳው ጎን የቀረው ቀይ 300 ነው። ትክክለኛው ጉዳት 500 ሲቀነስ 300፣ ማለትም 200 ይሆናል። ይህ ካልተደረገ እብጠት ብቻ የሚቀንስ መድኃኒት ሴል ያዳነ ይመስላል።

በአንድ ቡድን 8 ራት ይበቃል?

ብዙ ወረቀት 8 ወይም 10 ይላል። አቋራጭ ስሌቱ ይህ ነው፦ የምትጠብቁትን ልዩነት ለስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ (የራቶቹ ውጤት እርስ በርስ ለሚበታተንበት መጠን) አካፍሉ፣ የተገኘውን በራሱ አባዙ፣ 16ን ለእሱ አካፍሉ። ልዩነቱ ከስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ ጋር እኩል ከሆነ በአንድ ቡድን 16 ራት ያስፈልጋል፤ ይህም እውነተኛውን ልዩነት የማግኘት ዕድላችሁ 80 በመቶ እንዲሆን ነው። ልዩነቱ ወደ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 0.8 እጅ ከወረደ 25። በ8 ራት ከሆነ እውነተኛ ልዩነት ቢኖርም የማግኘት ዕድላችሁ ከግማሽ በታች ነው። በቀዶ ጥገና የሚሞቱት ከዚህ ላይ ይጨመራሉ።

በአይጥ ሠርተው በሰው የከሸፉት የትኞቹ ናቸው?

ዝርዝሩ ረጅም ነው። ኦኮሊንስና ባልደረቦቿ በ2006 ሲቆጥሩ በስትሮክ ላይ የተሞከሩ 1,026 ሕክምናዎች አገኙ፤ ከእነዚህ 114ቱ ሰው ላይ ደርሰዋል። ከዚያ ሁሉ ሦስቱን ብቻ እንይ፤ እያንዳንዱ የከሸፈበት ምክንያት የተለያየ ነው።

ኤንኤክስዋይ-059 ራዲካል አጥማጅ ነበር። በ2006 የወጣው ሴይንት 1 የሚባለው ጥናት ደህና ውጤት አሳየ፤ በማግስቱ ዓመት ከ3,000 በላይ ታማሚዎች የገቡበት ሴይንት 2 ምንም አላገኘም። በኋላ ማክላውድና ባልደረቦቹ የእንስሳቱን ጥናቶች መልሰው ሲመረምሩ፣ ራቶቹ በዕጣ ባልተመደቡባቸው ጥናቶች መድኃኒቱ ጉዳቱን ከ50 በመቶ በላይ ቀንሷል፤ በዕጣ በተመደቡባቸው ግን 20 በመቶ ገደማ። ማለትም ከታየው ውጤት ሰፊው ክፍል የአሠራሩ እንጂ የመድኃኒቱ አልነበረም።

ማግኒዥየም ሰልፌት በየሆስፒታሉ ለነፍሰ ጡር የሚሰጠው ያው መድኃኒት ነው፤ ርካሽ ስለሆነ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። ፋስት-ማግ በተባለው ጥናት 1,700 ታማሚዎች ገና በአምቡላንስ ውስጥ ሳሉ፣ ግማሾቹ ምልክቱ ከጀመረ በ45 ደቂቃ ውስጥ ጀመሩት። የ2015 ውጤቱ፦ መድኃኒት ከሌለበት አምሳያ (ፕላሴቦ) አልተሻለም። ስለዚህ «ዘግይቶ ተሰጥቶ ነው» የሚለው ምክንያት ለሁሉም አይሠራም።

ኔሪኔታይድ እስከ ጦጣ ድረስ ተፈትኖ የመጣ ነበር። በ2020 በወጣው ጥናት 1,105 ሰዎች ገቡ፤ በጠቅላላው ልዩነት አልታየም። አልቴፕሌዝ ባልወሰዱት ላይ ግን የጠቀመ መሰለ። አልቴፕሌዝ ፕላስሚን የሚባል ኢንዛይም ያስነሳል፤ ፕላስሚኑ ደግሞ ኔሪኔታይድን ይቆራርጠዋል። ጦጣዎቹ አልቴፕሌዝ አልተሰጣቸውም ነበርና ይህ አልታየም። ከዚያ በኋላ አልቴፕሌዝ በማይወስዱ ሰዎች ላይ ተለይቶ የተደረገው ጥናትም ተስፋውን አላጸናም።

ራትና ሰው ምን ያህል ይለያያሉ?

የራት አንጎል 2 ግራም ገደማ፣ የሰው 1,350 ግራም ገደማ ነው። መጠኑ ብቻ አይደለም፤ የሰው አንጎል ግማሽ ያህሉ ነጭ ክፍል (የነርቭ ሽቦው) ሲሆን በራትና በማውስ ከ10–15 በመቶ አይበልጥም። ብዙ መድኃኒቶች የተሠሩት ለግራጫው ክፍል ነው።

ከዚያ ዕድሜ አለ። ቤተ ሙከራ የሚገቡት ወጣት፣ ወንድና ጤነኛ ራቶች ናቸው። ድንገተኛ ክፍል የሚገቡት ግን የ65 ዓመት እናት ናቸው፤ ደም ግፊት አላቸው፣ ስኳር አለባቸው፣ መድኃኒታቸውን ካቋረጡ ሦስት ወር ሆኗቸዋል። ደም ግፊት ያለበት የራት ዘር ከጠፋ አይደለም፤ ኪዮቶ ውስጥ ኦካሞቶና አዎኪ በ1963 አውጥተውታል። ስለሚወደድና ስለሚሞት ነው የሚተወው።

ብዙ ሰው የማያስበው ደግሞ ሰዓቱን ነው። ራት ሌሊት የምትሠራ፣ ቀን የምትተኛ እንስሳ ናት። ተመራማሪው ጠዋት 3 ሰዓት ገብቶ ቀዶ ጥገና ሲሠራ ለእሷ እኩለ ሌሊት ነው፤ ሰውን ስትሮክ የሚመታው ግን በብዛት ነቅቶ እያለ ነው። በ2020 በኔቸር መጽሔት የወጣ ሥራ እንዳሳየው፣ በራቶችና በማውሶች የእንቅልፍ ሰዓት አንጎል የጠበቁ ሕክምናዎች በንቃት ሰዓታቸው ሲሰጡ አልሠሩም። በእንቅልፍ ሰዓት ፔናምብራው ቀስ ብሎ ስለሚሞት ለመድኃኒቱ ጊዜ ይተርፋል።

ታዲያ የተሳካ ምንም የለም?

አለ፣ ግን ጠባብ ነው። ኒሞዲፒን በአንጎል ሽፋን ሥር ለሚፈስ ደም (የደም ሥር እብጠት ሲፈነዳ) 60 ሚሊ ግራም በየ4 ሰዓቱ ለ21 ቀን ይሰጣል፤ ይጠቅማል። ደም ሥር ተዘግቶ ለሚመጣው ስትሮክ ግን አልሠራም። ኤዳራቮን ጃፓን ውስጥ ከ2001 ጀምሮ ለስትሮክ ተፈቅዷል፤ አሜሪካ ለሌላ የነርቭ በሽታ እንጂ ለስትሮክ አልፈቀደችውም። ሲወለዱ ለታፈኑ ሕፃናት በ33.5 ዲግሪ ለ72 ሰዓት ማቀዝቀዝ በሀብታም አገሮች ይሠራል፤ በሕንድ፣ በስሪላንካና በባንግላዴሽ ተሞክሮ በ2021 የወጣው ጥናት ግን ሞት ጨምሮ አገኘው። ስለዚህ ማንም ከመጽሐፍ አይቶ እንዳይጀምረው።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያስተምረው ስፓን የሚባለው የአሜሪካ ሥራ ነው። ስድስት ዩኒቨርሲቲዎች፣ ስድስት ሕክምናዎች፣ 2,615 ማውሶችና ራቶች፤ ወጣትም ያረጀም፣ ወንድም ሴትም፣ ወፍራምም ደም ግፊት ያለበትም። ምደባው በዕጣ፣ መዛኙም ማን ምን እንደወሰደ ሳያውቅ። በ2023 ውጤቱ ሲወጣ ሁሉንም ደረጃ ያለፈው አንድ ብቻ ነበር፦ ዩሪክ አሲድ። ያው የሪህ ሕመምተኛው የሚፈራው ዩሪክ አሲድ፤ የሚሰጠው ግን በደም ሥር፣ ደሙ በሚመለስበት ሰዓት ነው። ይህን ሰምቶ ሥጋ የሚያበዛ ሰው ሪህ ይጨምራል እንጂ አንጎሉን አይጠብቅም።

ለራት 10 ሚሊ ግራም በኪሎ ከሆነ፣ ለ60 ኪሎ ሰው 600 ሚሊ ግራም ነው?

አይደለም። ትንሽ እንስሳ መድኃኒት ቶሎ ታቃጥላለች። ለመነሻ ግምት የራቷ መጠን ለ6.2፣ የማውሷ ለ12.3 ይካፈላል። 10 ለ6.2 ሲካፈል 1.6 ሚሊ ግራም በኪሎ፤ ለ60 ኪሎ ሰው 97 ሚሊ ግራም ገደማ። ይህም ለጥናት አዘጋጆች መነሻ እንጂ ማዘዣ አይደለም። አልቴፕሌዝን ተመልከቱ፦ ራት ላይ ብዙ ጊዜ 10 ሚሊ ግራም በኪሎ ይሰጣል፣ የሰው ግን 0.9 ነው። በቀመሩ ብንሄድ 1.6 ይመጣ ነበር፤ ያ መጠን በሰው አንጎል ውስጥ ደም ያፈሳል።

ጥቁር አዝሙድ፣ እርድ፣ ሽፈራው አይጥን እንዳዳኑ አንብቤያለሁ። ለአባቴ ልስጠው?

አዎ፣ የጥቁር አዝሙድና የእርድ ንጥረ ነገሮች ራት ላይ ተሞክረው ጥሩ ውጤት የጻፉ ወረቀቶች አሉ። ግን ወረቀቶቹን ከፍታችሁ ሁለት ነገር እዩ። አንደኛ፣ በብዙዎቹ መድኃኒቱ የተሰጠው ስትሮኩ ከመሠራቱ በፊት ነው፤ አንዳንዴ ለቀናት። አባትዎ ግን ከተመቱ በኋላ ነው የሚሰጧቸው። ሁለተኛ፣ ንጥረ ነገሩ ተነጥሮ፣ ብዙ ጊዜ በመርፌ ሆድ ውስጥ ነው የሚገባው፤ የእርድ ኩርኩሚን በአፍ ሲወሰድ ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂት ነው። በወጥ ውስጥ ያለው እርድ ምንም ክፋት የለውም። መዋጥ በሚቸገር ሰው አፍ ውስጥ የተበጠበጠ ነገር ማንቆርቆር ግን ሳንባ ውስጥ ገብቶ ምች ያመጣል፤ ስትሮክ የመታቸውን ሰዎች ከሚገድሉት ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

ፋርማሲ «የአንጎል መድኃኒት» ብለው ሲቲኮሊን ሰጡን፤ ይጠቅማል?

በ2012 በወጣ ጥናት 2,298 ሰዎች ላይ ተፈትኗል፤ ጥቅም እንደማያሳይ ስለታወቀ ከመጠናቀቁ በፊት ቆመ። ብዙም ጉዳት የለውም፤ ገንዘቡን ግን ይበላል። በዚያ ገንዘብ የደም ግፊት መድኃኒት ሳይቋረጥ ቢገዛ ይሻላል።

ቤት ውስጥ ሰው ድንገት አንደበቱ ቢያዝ፣ አፉ ቢጣመም ምን እናድርግ?

መጀመሪያ ሰዓቱን ያዙ፦ ታማሚው ደህና ሆኖ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው መቼ ነው? ሐኪሙ ከሁሉ በፊት የሚጠይቀው ይህን ነው። የሚያሟሟው መድኃኒት በመደበኛው የሚሰጠው ከዚያ ሰዓት ጀምሮ እስከ 4 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ነው። ሴቨር የተባሉ ሐኪም በ2006 እንዳሰሉት ትልቅ ደም ሥር ሲዘጋ በደቂቃ 1.9 ሚሊዮን ነርቭ ሴል ይሞታል። ከድሬ ሐረር የሚወስደው አንድ ሰዓት ከመቶ ሚሊዮን በላይ ነው። ስለዚህ ከመንቀሳቀሳችሁ በፊት ደውላችሁ ሲቲ ስካን የሚሠራበትን ጠይቁ፤ ማሽኑ ወደማይሠራበት ሄዶ መመለስ ከሁሉ የከፋው ኪሳራ ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

አስፕሪን በቤት አትስጡ። በእኛ አገር ሆስፒታሎች ደም የሚፈስበት የስትሮክ ዓይነት ድርሻ ከምዕራቡ ዓለም ከፍ ይላል፤ ያለ ሲቲ ሁለቱን በዓይን መለየት አይቻልም። ውኃም ምግብም ይቆይ። ግፊቱ ጨምሯል ብሎ ከምላስ ሥር ክኒን ማድረግ ፔናምብራውን የቀረችውን ደም ያሳጣዋል። የስኳር መለኪያ ካለ ጣት ይወጋ፤ የወረደ ስኳር ስትሮክ መስሎ ይመጣል። «መጋኛ ነው» ብሎ እስኪነጋ መጠበቅ የለም።

ጫት ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?

ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አምፌታሚን ከሚባለው አነቃቂ መድኃኒት ጋር የሚመሳሰል ነገር ነው፤ በበርጫው ሰዓትና ከዚያም በኋላ ግፊትና የልብ ምት ይጨምራል። የሚያሟሟውን መድኃኒት ለመስጠት ግፊቱ ከ185/110 መውረድ አለበት። ከምርቃና የመጣ ታማሚ ከዚያ በላይ ከሆነ መርፌው ግፊቱ እስኪወርድ ይጠብቃል። ሐኪም ሲጠይቅ ቤተሰብ እንዳይደብቅ።

ወረቀት ሳነብ መጀመሪያ ምን ልይ?

ውጤቱን አይደለም፤ የአሠራሩን ክፍል። ራቶቹ በዕጣ ተመድበዋል? የለካው ሰው የትኛዋ መድኃኒቱን እንደወሰደች ያውቅ ነበር? ስንቶቹ ሞቱ፣ ከየትኛው ቡድን? መድኃኒቱ የተሰጠው ከስትሮኩ በፊት ነው ወይስ በኋላ፣ በስንት ደቂቃ? ሴና እና ባልደረቦቿ በ2010 ከ525 ጽሑፎች ውስጥ ምንም ለውጥ አላገኘንም ያሉት 2 በመቶ ብቻ እንደሆኑ አሳይተዋል። ያልሠራው መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

ቀዶ ጥገናው መሃል ላይ መብራት ቢጠፋስ?

ምንጣፉ ይቀዘቅዛል፣ ዶፕለሩ ይቋረጣል፤ የክሩ ደቂቃ ግን ይቆጥራል። በፎጣ የተጠቀለለ የሞቀ ውኃ የሞላ የላስቲክ ጓንት አስቀድማችሁ አዘጋጁ፤ በባትሪ የሚሠራ ቴርሞሜትር ይኑር፣ በየ5 ደቂቃው ይጻፍ። ሙቀቷ ለስንት ደቂቃ ከስንት በታች ከሆነ ከጥናቱ እንደምትወጣ ቀድሞ ተጽፎ ከሆነ ውሳኔው ቀላል ነው። ለቲቲሲውም ተርሞስ ውስጥ 37 ዲግሪ ውኃ ይያዝ፤ ቀዝቅዞ የተነከረ ቁራጭ ሕያው ሆኖም ሐመር ይወጣልና።